ጭጋጉ የመጣው ከማሽኑ አቅም ማነስ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚህ ዓምድ የታተመውን፣ አንድ አባት ልጃቸው ሌሊት በሚጫወተው የቪዲዮ ጌም ተጨንቀው የጻፉትን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ያነሱት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ጌሞቹ አስፈሪ መሆናቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ ምስላቸው የደበዘዘና የሚንቀጠቀጥ፣ ጊዜው ያለፈበት ሥራ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው እስማማለሁ። እነዚህ ጌሞች በአብዛኛው ለአዋቂ የተሠሩ ስለሆኑ ትንሽ ልጅ ሌሊት ብቻውን ሊያያቸው አይገባም፤ የጌም ቤት ባለቤቶችም ይህን ቢጠብቁ መልካም ነው። በሁለተኛው ላይ ግን፣ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ «ያለፈበት» የተባለው መልክ የእኛ ሰፈር ልጆች በእጃቸው ባለ ዕቃ ሊሠሩት የሚችሉት ጥበብ ነውና።

መልኩ ከየት እንደመጣ ልግለጽ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የነበረው ዋና ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ማሽኑ የቅርጾቹን ማዕዘን የሚያስቀምጠው በሙሉ ቁጥር እንጂ በክፍልፋይ ስላልነበረ፣ ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግድግዳውና ወለሉ ይርገፈገፍ ነበር። ግድግዳው ላይ የሚለበጠውን ምስልም እንደ ርቀቱ አስልቶ ማስተካከል ስለማይችል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል። ካፕኮም የተባለው ጌም አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን ሬዚደንት ኢቭልን የተጫወተ ሰው፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር በጥቁር ስክሪን ላይ ቀስ ብሎ የሚከፈተውን በር አይረሳውም። በሩ የሚዘገየው ቀጣዩ ክፍል ከሲዲው ላይ እስኪነበብ ድረስ ነበር። ሌላው ኩባንያ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሳይለንት ሂል ውስጥም ከተማው በጭጋግ የተዋጠው ማሽኑ ሩቁን መሳል ስላቃተው ነው። ተጫዋቹ ግን ስለ ሜሞሪ አያስብም። የያዛት ትንሽ ራዲዮ ስትንሿሿ ጭራቅ እንደቀረበ ያውቃል፤ ከየት በኩል እንደሚመጣ ግን ጭጋጉ አያሳየውም። ችግር በቅቤ ያስበላል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን የምለው ከወሬ ተነስቼ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮተቤ ገና የከተማው ዳር በነበረበት ጊዜ፣ አንዲት ቴሌቪዥንና አንድ ፕሌይስቴሽን ባለበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈልን እንጫወት ነበር። ሬዚደንት ኢቭል ውስጥ የደረስንበትን ሴቭ ለማድረግ የጽሕፈት መኪና ሪባን ያስፈልጋል፤ ሪባኑ ደግሞ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። አንዱን ሪባን አሁን ልጠቀምበት ወይስ ልቆጥበው እያልን ስንከራከር መብራት ይሄድና ሁሉም ከመጨረሻው ሴቭ ይጀመራል። ሜሞሪ ካርዱ የነበረው አንድ ብቻ ሲሆን፣ 15 ብሎክ የሚይዘውን ይህን ካርድ ሰፈሩ በሙሉ ይካፈለው ስለነበር፣ አንድ ቀን ሌላ ልጅ የኳስ ውድድሩን በእኔ ጨዋታ ላይ ደርቦ ሴቭ አድርጎት አለቀስኩ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ግን ጭራቆቹን አይደለም። የማስታውሰው ሁለት ጥይት ይዤ ኮሪደር ጫፍ ላይ መቆሜን ነው። ሰርቫይቫል ሆረር የሚባለው፣ በጥቂት ዕቃ ከአስፈሪ ነገር የማምለጥ የጌም ዓይነት ፍሬ ነገሩ ይኸው ይመስለኛል፤ ሰውን የሚያስፈራው ከጭራቁ ይልቅ ያለው ነገር እንዳያልቅበት መስጋቱ ነው።

አሁን በየአገሩ ያሉ ትናንሽ የጌም ሠሪ ቡድኖች ይህን የድሮ ፕሌይስቴሽን መልክ ወደው እየመረጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሲግናሊስ የተባለው ጌም በዋናነት የሁለት ጀርመናውያን ሥራ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ ከስድስት ዕቃ በላይ እንዲይዝ አይፈቅድለትም። መሣሪያ ልያዝ፣ መድኃኒት ልያዝ ወይስ ቁልፍ የሚለው ምርጫ ብቻውን ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ክሮው ካንትሪ ደግሞ፣ በተዘጋ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ፣ ጠላት የሌለበት የመጫወቻ ምርጫ ስላለው እንቆቅልሹን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል፤ ለተጨነቁት አባት ይህን ብጠቁም ደስ ይለኛል። መልካቸው ከእነዚህ የተለየ ቢሆንም ሁለት የእስያ ሥራዎችንም ማንሳት አለብኝ። የኢንዶኔዥያው ድሬድአውት ፍርሃቱን የወሰደው ከአገሩ ተረት ነው፤ የታይዋኑ ዲቴንሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገሩ ካሳለፈው የአፈና ዘመን ነው። ሁለቱም ለፍርሃታቸው የውጭ ጭራቅ አልተዋሱም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። የጎረቤቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤቱን በሚጠብቅበት ክረምት፣ ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ፣ እኔ ሁለት ጊዜ በጠገንኩት ላፕቶፕ አንድ ጌም ሠርቷል። የተጠቀመው ጎዶት የተባለውን፣ ያለ ምንም ክፍያ የሚገኘውን የጌም መሥሪያ ነው፤ ቅርጾቹን የሠራው ደግሞ እንዲሁ ነጻ በሆነው በብሌንደር ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ውኃ ጠፍቷል፣ መብራትም የለም፤ ተጫዋቹ ከታች ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ እስከ አራተኛ ፎቅ መውጣት አለበት። ጀሪካኑ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ፣ የስልኩን ባትሪ ለማብራት የግድ ደረጃው ላይ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ካስቀመጠው ብርሃን ያገኛል፣ ግን አይራመድም፤ ካነሳው ይራመዳል፣ ግን አያይም። ከባሕር ዛፉ በኩል የሚሰማው የጅብ ድምፅ ልጁ ራሱ ሌሊት በረንዳው ላይ ቆሞ በስልኩ የቀዳው ነው። ጅቡ እስከ መጨረሻው አይታይም፤ ድምፁ ግን ፎቅ በወጣን ቁጥር ይቀርባል። እኔ በዚህ ሰፈር ደረጃ ላይ ስንት ዓመት ውኃ የተሸከምኩ ሰው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያው ረቂቅ ጅቡ ወደ ጅብነት የተለወጠ ቀጥቃጭ ነበር። ይህን እንዲተወው መከርኩት። ጭራቅም ጋኔንም በተረታችን ሞልቷል፤ የቡዳ ወሬ ግን ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ለዘመናት ያስገለለ፣ ዛሬም ሕያው ሰዎችን የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ለመዝናኛ መዋል የለበትም። ልጁም ተቀብሎኛል፤ ጅቡ ጅብ ብቻ ሆኖ ሲቀር ደግሞ ይበልጥ አስፈሪ ሆኗል።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አንድን ጌም ስቲም በተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም ገበያ ላይ ለማቅረብ 100 የአሜሪካ ዶላር ይከፈላል። ቤተሰብ ብሩን አዋጥቶ ቢያገኝ እንኳ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በአንድ የ19 ዓመት ልጅ እጅ የለም። ኢች ዶት አይኦ በተባለው ገጽ ላይ በነጻ መጫን ይቻላል፤ ሽያጩ ቢኖር ገንዘቡን እንዴት እንደሚቀበል ግን እስካሁን አልተፈታለትም። የምንዛሪውን ጉዳይ ለሚያውቁት ልተወውና፣ በሰፈር ደረጃ ሊፈታ የሚችለውን ላንሳ። በየወረዳው የወጣት ማዕከል እየተባለ የተሠራው ቤት ብዙ ጊዜ ፑልና ጠረጴዛ ቴኒስ ብቻ ይዞ ይገኛል። ከክፍሎቹ አንዱ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ጌም መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች ቢፈቀድ፣ አዲስና ውድ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም፤ ከላይ የገለጽኩት መልክ ከአሮጌ ማሽን ጋር ይስማማልና። ጋዜጣችሁም ለፊልምና ለመጽሐፍ ከሚሰጠው ቦታ ላይ ጥቂት ቀንሶ፣ እዚሁ አገር የተሠሩ ጌሞችን በወር አንድ ጊዜ ቢገመግምልን እኔን ጨምሮ ብዙ አንባቢ የሚያገኝ ይመስለኛል።

እኔ በበኩሌ ባለቤቶቻቸው በፈቃዳቸው የተውልኝን ሦስት ላፕቶፖች ጠግኜ አስቀምጫለሁ። ሁለቱ ጎዶትን ያለ ችግር ያስነሳሉ፤ ሦስተኛው ባትሪው ስለማይዝ ሶኬት አጠገብ መቀመጥ አለበት። ክፍል የሚሰጥ ካለ ላፕቶፖቹን ይዤ እመጣለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አብሬ እቀመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከቱሉ ዲምቱ