የድጋፍ ጥሪ፦ ለልጆቹ የአውቶቡስ ሒሳብ እንሙላ

በለንደንና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የምንጠይቃችሁ ነገር ትልቅ አይደለም። በምሥራቅ ለንደን ሆቴሎች ውስጥ የጥገኝነት ጉዳያቸው እስኪታይ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ገና አሥራዎቹን እየጨረሱ ነው። በመጪው የውድድር ዘመን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ምሽት ትንሽ ሜዳ ይዘናቸው ሄደን ኳስ ልናሳያቸው እንፈልጋለን። ለዚህ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

«ኳስ ለማየት ነው እንዴ ገንዘብ የምትሰበስቡት?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እናስቀድም።

ሆቴል ውስጥ ምግብ የሚቀርብለት ጥገኝነት ጠያቂ በሳምንት የሚሰጠው ገንዘብ 10 ፓውንድ አይሞላም። የለንደን አውቶቡስ አንድ ጉዞ 1.75 ፓውንድ ነው። ደርሶ መልስ 3.50። እንግዲህ ልጁ አንድ ቀን ወጥቶ ለመመለስ ብቻ የሳምንት ገንዘቡን ሲሶ ከዚያም በላይ ያወጣል ማለት ነው። የስልክ ካርድ አለ። እናት ጋ መደወል አለ። ጫማም ያልቃል። ሠርቶ እንዲያገኝ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድለትም። የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ ቢያንስ 12 ወር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። ሰሃራን ያቋረጠ፣ ሊቢያን ያየ፣ በጀልባ ባሕር የተሻገረ ልጅ ለንደን ገብቶ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ይህ ልባችንን ይሰብረዋል። ዝም ብለን ማየትም አልቻልንም።

ለምን ኳስ? ስለሚወዱት ነው። ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ከሰፈር ሜዳ የተነሡ ልጆች ናቸው። ስለ አርሰናልና ማንቸስተር አንስታችሁ ብታናግሯቸው ፊታቸው ይበራል። ግን ያ ኳስ እነሱ ለንደን ሆነውም ሩቅ ነው፤ የሚያዩት እዚያው የተለመደው ስልክ ላይ ነው። ትኬቱ የሚቀመስ አይደለም።

ትንንሾቹ ሜዳዎች ግን ቅርብ ናቸው። በእንግሊዝ ላይኛዎቹ አራት ሊጎች ውስጥ 92 ክለቦች አሉ። ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ ኖን ሊግ ይባላል። ደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ ሰፈር ቡድን ይደርሳል። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን ሥራቸውን ውለው፣ ማታ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የሚመጡ ናቸው። ተመልካቹ ብረቱን ተደግፎ ይቆማል። በረኛው ተከላካዩን ሲቆጣ ትሰማላችሁ። ኳስ ወደ ውጭ ስትወጣ የሚመልሳት አጠገቧ ያለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ሲጫወት ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ባለፈው ሰመር ጥቂት ልጆችን ይዘን ፎረስት ጌት ወደሚገኘው ኦልድ ስፖትድ ዶግ ሜዳ ሄድን። ቀኑ ረጅም ስለነበር አመሻሹ ገና ብሩህ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ማንም ከማንም አያወራም ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ ትንሽ እንደቆየ አንዱ «ስጠው! ስጠው እንጂ!» እያለ በአማርኛ መጮኽ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ተከተሉት። አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ቋንቋው ሳይገባቸው አብረዋቸው ይጮኹ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከልጆቹ አንዱ በእጁ ምልክት ያ ጎል ለምን ኦፍሳይድ እንዳልነበር ለሽማግሌው ሲያስረዳ አየነው። ሽማግሌው አልተስማሙም። ክርክሩ ሁለተኛው አጋማሽ እስኪጀመር አላቆመም። ይህ ልጅ ከሆቴሉ ሠራተኞች በቀር ከአንድም እንግሊዛዊ ጋር አውርቶ አያውቅም ነበር።

ስንመለስ አንዱ ጠየቀን። «እነዚህ ደመወዝ ይከፈላቸዋል?» ብዙዎቹ እንደማይከፈላቸው ነገርነው። «ታዲያ እኔም ከእንደዚህ ዓይነት ቡድን ጋር ልለማመድ እችላለሁ?» አለ። ይችላል። ያለ ደመወዝ መጫወት አይከለከልም። የሌለው ታኬታ ነው።

ኦልድ ስፖትድ ዶግን የመረጥነው ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ክለብ የተጫወተበት ሜዳ ነው። በዚያው ዓመት ዋልተር ተል የሚባል ልጅ በፎክስቶን ተወለደ። አባቱ ከባርባዶስ የመጣ ጥቁር አናጢ ነበር። ልጁ አሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ሞቱ። እዚሁ ምሥራቅ ለንደን፣ ቤትናል ግሪን በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ። በ1908 በዚሁ ሜዳ ለነበረው ክለብ፣ ለክላፕተን፣ መጫወት ጀመረ። ክለቡ በ1909 የአማተሮችን ዋንጫ ሲያነሣ እሱ የቡድኑ አባል ነበር። ወዲያው ቶተንሃም ወሰደው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መኮንን ሆኖ ነጭ ወታደሮችን መራ፤ ይህ በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው የማይታሰብ ነገር ነበር። በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ወደቀ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ሜዳውን ዝም ብለው አዩት። ወላጅ የሌለው፣ ጥቁር፣ ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ ልጅ እዚያው እግራቸው ሥር ካለው ሣር ተነሥቷል።

የዛሬው ክለብ፣ ክላፕተን ኮሚዩኒቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደጋፊዎች ያቋቋሙት ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ባለሀብት የለበትም። በ2020 ሜዳውን ራሳቸው ገዙት። ተትቶ የቆየውን ቦታ ፈቃደኞች እየመጡ አረሙን ነቀሉ፣ ጠገኑ፣ ቀለም ቀቡ። እንዲህ ተዋጥቶ ትልቅ ነገር መሥራትን እኛ ከእቁብና ከዕድር እናውቀዋለን። የሴቶች ቡድናቸውም ጠንካራ ነው፤ በ2021 በሴቶች ኤፍኤ ካፕ ሦስተኛው ዙር ደርሷል። ከልጆቻችን መካከል ሴቶችም ስላሉ ይህን ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም።

ስለ ማሊያቸውም አንድ ነገር እንበል፣ እኛን ይነካናልና። ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱ የሚለብሱት ማሊያ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፋሺዝምን ለመዋጋት ከየአገሩ ለዘመቱ ፈቃደኞች መታሰቢያ የተሠራ ነው። በ2018 ሲወጣ ከስፔን ብዙ ሺህ ሰው አዘዘው፤ ገንዘቡም ሜዳውን ለመግዛት ረድቷል። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ሲወር ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ዘምተው ሊዋጉ ፈልገው ነበር። መንግሥታቸው አላስወጣቸውም። በተከታዩ ዓመት የስፔን ጦርነት ተነሣ። ወደዚያ ከሄዱት ከ80 በላይ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ የኢትዮጵያን ቁጭት ይዘው ነው የሄዱት። ለኢትዮጵያ ድምፅ የሆነችው ሲልቪያ ፓንክረስትም ጋዜጣዋን ታዘጋጅ የነበረችው ከዚሁ ከምሥራቅ ለንደን ጫፍ፣ ከዉድፎርድ ነው። ልጆቻችን በዚህ አካባቢ እንግዳ ናቸው ብለን ለማመን ይከብደናል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ለመጀመር ያሰብነው በ20 ወጣቶች ነው። ከነሐሴ እስከ ግንቦት ወደ 20 ምሽት ይሆናል። ለአንድ ምሽት አውቶቡስ 70 ፓውንድ፣ ለዓመቱ 1400 ፓውንድ። መግቢያ ለሚያስከፍሉ ሜዳዎችና ታኬታ ለመግዛት 600 ፓውንድ ጨምረናል። በድምሩ 2000። በኦልድ ስፖትድ ዶግ ጨዋታ በሌለበት ሳምንት ሌላ ሜዳ እንሄዳለን፤ ለምሳሌ ደቡብ ለንደን ያለው የደልዊች ሃምሌት ክለብ ሜዳ፣ ቻምፒየን ሂል። (በ1948 ኦሊምፒክ ደቡብ ኮሪያ ሜክሲኮን 5 ለ 3 ያሸነፈችው በዚያ ነው። ይህንንም እንነግራቸዋለን።) ከዓመቱ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ለኦልድ ስፖትድ ዶግ ሜዳ እንሰጠዋለን።

35 ፓውንድ የሰጠ ሰው ለአሥር ልጆች የአንድ ምሽት ጉዞ ሸፈነ። 3.50 የሰጠ አንድ ልጅ ከክፍሉ አወጣ። ተማሪ ሆናችሁ ከዚያ በላይ ባትችሉ በዚያ አትፈሩ፤ እንፈልገዋለን።

ገንዘቡን ሁለት ገንዘብ ያዦች በጋራ ይይዙታል፤ አንዱ ያለ ሌላው ፊርማ አያወጣም። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ እንሰጣለን። በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ለሰጡ ሁሉ እናሳውቃለን። አንድ ነገር ግን አትጠብቁብን፦ የልጆቹን ፎቶ አንለጥፍም። ጉዳያቸው ገና አልተወሰነም፤ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብም አላቸው። ለምስጋና ብለን አደጋ ላይ አንጥላቸውም።

ገንዘብ የማይመቻችሁ በሌላ መንገድ አግዙን። ከሆቴል አብሯቸው የሚሄድና የሚመልስ ሰው ለእያንዳንዱ ምሽት ቢያንስ ሦስት ያስፈልገናል። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትናገሩ ብትሆኑ ደግሞ በጣም ነው ደስ የሚለን። ምግብ የምታዘጋጁልን ሽሮ፣ ምስርና አትክልት አድርጉልን። ረቡዕ የሚጾሙ ልጆች አሉ፣ ሐላል ካልሆነ የማይበሉም አሉ፤ ይህ ለሁሉም ይሆናል።

ታኬታ በየቤታችሁ እንዳለ እናውቃለን። ልጆቻችሁ አድገው የጠበባቸው፣ ቁም ሣጥን ሥር የተረሳ። ከ40 እስከ 44 ቁጥር ያለውን ሁሉ እንቀበላለን። ከተሰነጠቀ ግን አታምጡ፤ ክረምቱ ዝናብ ነው። ጥንዱን በማሰሪያው አያይዛችሁ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉበት፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ እየዞርን እንሰበስባለን።