ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ ሦስቱን አሮጌ ሰርቨሮች ስላሰናበትንበት መንገድ

ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ፎቶና ቪዲዮዎቻችሁ ከሚቀመጡባቸው ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) ያረጁትን ሦስቱን ለማሰናበት ስንል ከመጋቢት 22 ቀን ጀምሮ አዲስ ፋይል መጫን እንዳይቻል አድርገን ነበር። «አንድ ሳምንት ብቻ» ብለን ያስታወቅነው ሥራ ሠላሳ ቀን ፈጅቶ፣ አገልግሎቱ ሚያዝያ 21 ቀን ማምሻውን ተከፍቷል። በዚህ የተነሣ ለተጉላላችሁ ሁሉ፣ ይልቁንም የዳግማ ትንሣኤን ሠርጎች ቀርጻችሁ ፋይላችሁን የምታኖሩበት ላጣችሁ ባለ ስቱዲዮዎች፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሚያዝያ ወር ክፍያ አይጠየቅም፤ አስቀድማችሁ የከፈላችሁም ለግንቦት ይታሰብላችኋል።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ውሳኔው ራሱ እንድናገር ፍቀዱልኝ። ባለፉት ሳምንታት በስልክና በቴሌግራም ከደረሱኝ ቃላት ብዙዎቹ ተገቢ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን እንቅልፍ ነሥተውኛል። በብዛት የተጠየቅሁት «ሦስት ሦስት ቅጂ አለን ትሉ የለም ወይ? ታዲያ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መሰካት ምን ይህን ያህል ያስቸግራል?» የሚል ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የማውቃቸው አንድ ደንበኛ ደግሞ «አቅም ከሌላችሁ ንገሩን» ብለውኛል። የሁለቱም መልስ ረዘም ይላል።

ዘጠኝ ሰርቨሮች ነበሩን፤ በእያንዳንዱ ላይ ባለ 4 ቴራባይት (አንዱ ቴራባይት 1,000 ጊጋባይት ነው) 8 ዲስኮች ተሰክተዋል። እናንተ ያስቀመጣችሁት ፋይል 51 ቴራባይት ገደማ ሲሆን፣ ሁሉም ሦስት ቅጂ ስላለው ዲስኮቹ ላይ የሚይዘው ቦታ 153 ቴራባይት ነው፤ ለአንድ ሰርቨር 17 ቴራባይት ይደርሰዋል ማለት ነው። የምንጠቀምበት ሴፍ የተባለ ሶፍትዌር አንድን ፋይል እንዳለ በአንድ ቦታ አያስቀምጥም። ባለ 4 ሜጋባይት ቁራጮች አድርጎ ይከፋፍለውና የእያንዳንዱን ቁራጭ ሦስት ቅጂዎች በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ያኖራቸዋል። ከዘጠኝ ሰርቨሮች ሦስቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 84 ናቸው፤ ቁራጮቹም በእነዚህ 84 ስብስቦች ላይ በግምት እኩል ተበትነዋል።

እንግዲህ «አጥፏቸው» የተባሉትን ሦስት ሰርቨሮች በአንድ ቀን አጥፍተናቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ከ84ቱ ስብስቦች አንዱ እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ በእርሱ ላይ የነበሩት ቁራጮች ሦስቱም ቅጂያቸው በአንድ ጊዜ ይጠፋል። መጠኑ 600 ጊጋባይት ገደማ ነው። ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 8 ጊጋባይት የሆነ አንድ የሠርግ ቪዲዮ 2,000 ቁራጮች አሉት፤ ከየ84ቱ ቁራጭ አንድ ቢጎድል ከአንዱ ቪዲዮ ላይ ብቻ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ቦታ ይቀደዳል። ሳይቀደድ የሚተርፍ ረጅም ቪዲዮ አይኖርም ማለት ይቻላል። ባለ 20 ሜጋባይት ፎቶግራፍ አምስት ቁራጭ ብቻ ስላለው ይሻለዋል፤ ከመቶ ፎቶ ስድስቱ ገደማ ብቻ ይበላሻሉ። የማንኛችሁ ሙሽሮች እንደሚሆኑ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በዚህ ላይ ከ84ቱ ስብስቦች በ18ቱ ያሉት ቁራጮች አንድ ቅጂ ብቻ ይቀራቸዋል። ሲስተሙ በአንድ ቅጂ ብቻ እንዳይሠራ አድርገን ስላዘጋጀነው ከአምስት እጅ ከአንዱ የሚበልጠው ፋይላችሁ ወዲያው ይቆም ነበር።

«አንድ በአንድ ይጥፉ» ያላችሁኝ ደግሞ የተሻለ ጥያቄ አንሥታችኋል። አንዱ ሰርቨር ሲጠፋ ከቁራጮቹ አንድ ሦስተኛው ከሦስት ቅጂ ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ሲስተሙም የጎደለውን ከቀሩት ቅጂዎች እየገለበጠ ይሞላል። መሙላቱ ቀናት ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት፣ በአንድ ጊዜ ተገዝተው አብረው ካረጁት ዲስኮች አንዱ ቢሞት፣ ወደ አንድ ቅጂ የሚወርዱ ቁራጮች ይኖራሉ። ስለዚህ እኛ የምናሰናብተውን ሰርቨር አናጠፋውም። መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ በእጁ ያለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለተተኪው ሳያስረክብ ክሊራንስ አይሰጠውም፤ እስከዚያው ድረስ ቁልፉ በእርሱ እጅ ነው። ሰርቨሩም እንዲሁ ነው። ከእንግዲህ አዲስ ነገር እንዳይሰጠው ይታዘዛል፤ ያለውን ግን እየሠራና እያገለገለ ለሌሎቹ ያስረክባል። አዲሱ ቅጂ ተጠናቆ እስኪቆም ድረስ አሮጌው ቅጂ አይነካም። ሲስተሙ «ይህ ዲስክ ቢወገድ የሚጠፋ ነገር አለን?» ተብሎ የሚጠየቅበት ትእዛዝ አለው፤ ለ24ቱም ዲስኮች በየተራ «የለም» የሚል መልስ እስኪሰጥ ድረስ የኤሌክትሪክ ገመዱን ማንም እንዳይነካ አዝዤ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልነበረ መጋቢት 29 ቀን አይተነዋል። ሁለተኛውን ሰርቨር እያስረከብን ሳለ፣ ከማይሰናበቱት በአንዱ ላይ የነበረ ዲስክ በድንገት ሞተ። ተሰናባቹ በሕይወት ስለነበረ ከሁለት ቅጂ በታች የወረደ አንድም ቁራጭ አልነበረም። ከእናንተ ማንም ይህን ሳያውቅ አለፈ፤ ምስጋና እንዳልጠበቅሁበትም ይታወቅልኝ።

የጊዜውን ግምት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። 17 ቴራባይትን በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢያጓጉዙት ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ሦስት ሰርቨር ስድስት ቀን። «አንድ ሳምንት» ያልሁት ከዚህ ተነሥቼ ነው። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ቢሆን እናንተ የቆየ ፋይላችሁን ከፍታችሁ ለማየት ትቸገሩ ነበርና ፍጥነቱን ወደ 40 ሜጋባይት አወረድነው፤ የመጀመሪያው ሰርቨር ብቻውን አምስት ቀን ወሰደ። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ባትሪው እንዳያልቅ ዝውውሩን እያቆምን ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ፍለጋ ነበር።

አዲስ ፋይል መጫንን የዘጋነውም ከቦታ ጥበት የተነሣ ነው። በዘጠኝ ሰርቨሮች ላይ ከዲስኮቹ 53 በመቶው የተያዘ ነበር፤ ያው ፋይል በስድስት ሲጨናነቅ 80 በመቶ ይሆናል። ይህ አማካይ ነው፤ ድርሻው ፍጹም እኩል ስለማይሆን አንዳንዱ ዲስክ 88 ድረስ ይወጣል። ሲስተሙ በ85 በመቶ ያስጠነቅቃል፤ በ90 ተዘዋዋሪ ቁራጭ አልቀበልም ይላል፤ በ95 ምንም ነገር እንዳይጻፍበት ይከለክላል። ርክክብ በመሐል መንገድ ላይ ከሚቆም እናንተን በር ላይ ማቆሙን መረጥሁ። አዲስ ዲስክ አስቀድሞ መግዛት ነበረብህ ለምትሉኝ፣ እውነት ነው። እስከ ሐምሌ በነበረው እንዘልቃለን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ዲስክ እንደ ጤፍ በብር አይሸመትም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚህ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. 130 ገደማ ደርሷል። እኔ በ2015 የተመንሁትን ወርኃዊ ክፍያ እስካሁን አልጨመርሁባችሁም። ዲስኩ ሲሞት ግን ምርጫ አልነበረኝምና ስድስት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች አዘዝሁ፤ የደረሱት ሚያዝያ 9 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። ሦስተኛውን ሰርቨር ማስረከብ የጀመርነው እነርሱ ከተሰኩ በኋላ ነው። የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ወጥቶ ነጠላውን እንደለበሰ ሰርቨሮቹን ሊያይ የመጣውን የሥራ ባልደረባችንን በዚህ አጋጣሚ አመሰግነዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያስቆጣችሁ የመጨረሻዎቹ ስድስት ቀናት እንደሆኑ ዐውቃለሁ። ርክክቡ ሚያዝያ 15 ቀን ተፈጽሟል፤ በማግስቱ መክፈት ይቻል ነበር። አልከፈትሁም። ሴፍ ርክክቡ ሲያልቅ የአሮጌውን ዲስክ ቅጂ ራሱ ይሰርዘዋል፤ ተመልሰን የምናይበት ቦታ የለም። ስለዚህ አሁን ያሉት ሦስት ቅጂዎች በእርግጥ አንድ መሆናቸውን እያንዳንዱን ቁራጭ አንብቦ የሚያመሳክር ጥልቅ ፍተሻ አለ፤ በመደበኛው ጊዜ በሳምንት ዑደት ቀስ እያለ የሚሠራ ነው። በዓመቱ ከባዱ የመጫኛ ሰሞን፣ የሠርጋችሁ ፋይል እየጎረፈ በተጨናነቁ ዲስኮች ላይ ይህን ብናደርግ ኖሮ ፍተሻው እስከ ግንቦት አጋማሽ ይጎተት ነበር። በሩን ዘግተን በስድስት ቀን ጨረስነው። ከሦስቱ ቅጂ አንዱ የተበላሸባቸው 11 ቁራጮች ተገኙ፤ ከደኅናዎቹ ቅጂዎች ወዲያው ታረሙ። አንደኛው ቁራጭ ከ2010 ዓ.ም. የተቀመጠ የአንድ መልስ ቪዲዮ ነበር። ዐሥራ አንድ ቁራጭ 44 ሜጋባይት ነው፤ ለዚህ ስድስት ቀን ይዘጋል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ አዎን እላለሁ። ጥፋቴ ይህንኑ ሚያዝያ 15 ቀን ጽፌ አለማሳወቄ ነው።

እንዲህ ግትር ያደረገኝ ምን እንደሆነ የቀድሞዎቹ ደንበኞቻችን ታውቃላችሁ፤ ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ፒያሳ ውስጥ ካሜራ ይዤ ሠርግ እቀርጽ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የአንድ ቤተሰብ ሙሉ ሠርግ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ገንዘቡን መለስሁ፤ የሙሽራዪቱ አያት ግን በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ ድምፃቸው ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው አንድ ቅጂ እንደሌለ የሚቆጠር መሆኑ የገባኝ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ፣ ግላስተር የተባለውን ሶፍትዌር በምንጠቀምበት ጊዜ፣ አንድ ሰርቨር ስናሰናብት ስሕተት ሠርተናል። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ዝውውሩን ማስጀመር፣ ማለቁ ሲረጋገጥ ደግሞ ማጽደቅ። እኛ ሳያልቅ አጸደቅነው፤ ያልተዛወሩት ፋይሎች ከዓይናችሁ ተሰወሩ። ዲስኩ ስላልጸዳ ፋይሎቹ በላዩ ነበሩ፤ በእጅ እየለቀምን ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ያን ጊዜ ከአርባዎቹ ደንበኞች አንድም ሰው አልተለየንም። ዘንድሮ አራት ስቱዲዮዎች ተሰናብታችሁናል። አልወቅሳችሁም፤ ሥራ ሥራ ነው። ፋይላችሁ ግን እስከ ነሐሴ 30 ቀን በነጻ ይቆያል፤ ልትወስዱት ስትመጡ ሻይ ሳትጠጡ እንዳትሄዱ ብቻ እለምናለሁ።

የቀሩት ስድስቱም እያረጁ ናቸውና ቀጣዮቹን ሦስት የምናሰናብተው ሠርግ በማይበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ይሆናል። ተተኪዎቹ ዲስኮች አስቀድመው ተሰክተው ስለሚጠብቁ ፋይል መጫን አይቋረጥም፤ በየሦስት ቀኑም የደረስንበትን በቴሌግራም እናሳውቃለን። ለዚህ ግዢ ሲባል ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ክፍያ መጨመር ግድ ሆኖብኛል፤ መጠኑን በሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አቅም የሚያንሳቸው ጀማሪ ስቱዲዮዎች መጥተው ያነጋግሩኝ።

በመጨረሻም «አሮጌዎቹን ሽጡልን» ላላችሁ፦ የሰርቨሮቹን ሣጥንና ኃይል ሰጪ መሸጥ ይቻላል፤ 24ቱ ዲስኮች ግን አይሸጡም። ተሰርዟል የተባለ ነገር በባለሙያ እጅ ዱካው ሊገኝ ይችላል፤ የሰው ሠርግና የሰው ፊት በእጃችን አደራ ነው፤ አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅም አለ። ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በቢሯችን ግቢ አንድ በአንድ በድሪል ይበሳሉ። በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ኑ፤ ቡና ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር፤
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ