ወደ ጠላት ንጉሥ ሽሺ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እዚህ ጅማ ዝናቡ ከሰኞ ጀምሮ አላባራም። ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ቼዙን በርጩማው ላይ አስቀምጬ፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን የአቶሚክ ጨዋታ፣ ያን መብላት ፍንዳታ የሚያስነሳበትን የቼዝ ዓይነት፣ በሻማ ደረደርኩት። «እማ፣ ምንም መውጫ አልነበረኝም» ብለሻል። ነበረሽ፣ ልጄ።

ያንቺ ነጭ ንጉሥ ዲ4 ላይ ነው። የተጋጣሚሽ ጥቁር ንጉሥ ኤፍ5። ንግሥቱ ከዲ1 ቼክ ብላሻለች፣ ንጉሥሽን ልትበላ ነው። አንቺ የቀረሽ ኤች2 ላይ ያለ አንድ ወታደር ብቻ። ፈራሽና ወደ ሲ3 ሸሸሽ። ከዚያ ስታሳድድሽ ቆይታ ኤ1 ጥግ ላይ አስገባችሽና ቢ2 ላይ ብቻዋን ቆማ ጨረሰችሽ። በተለመደው ቼዝ ደጋፊ የሌላትን ንግሥት ንጉሥሽ ይበላት ነበር። በአቶሚክ ግን የበላም የተበላም ይፈነዳል፤ ስለዚህ ንጉሥ መብላት አይችልም።

መውጫሽ ኢ4 ነበር። ንጉሥሽን ከንጉሡ ጋር ማጣበቅ! በተለመደው ቼዝ ክልክል ስለሆነ ዓይናችን አያየውም፤ እኔም ሻማው ግማሽ እስኪደርስ አላየሁትም። በአቶሚክ ይፈቀዳል። ፍንዳታው ዙሪያውን ያሉትን ስምንት ካሬዎች ያዳርሳል። ንግሥቲቱ ንጉሥሽን ብትበላ የራሷም ንጉሥ አብሮ ይሞታል፤ ይህን ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለቱ ንጉሦች እስከተጣበቁ ድረስ ቼክ የሚባል ነገር የለም። እሱ ሲሸሽ አንቺ ትከተያለሽ። ታሸንፊ ነበር አልልሽም፤ ግን እኩል የመውጣት ተስፋ ነበረሽ።

ለፋሲካ መጥተሽ ስንጫወት ያጣነውንም አስታወስኩ። ንጉሥሽ ጂ1 ላይ ነበር። ንግሥቴ ኤች4 ቆማ ኤች2 ላይ ያለውን ወታደርሽን ልትበላ ነው፤ ከበላች ፍንዳታው ጂ1 ይደርሳል። አንቺ ንግሥቲቱን የሚበላ ስትፈልጊ ቆየሽና ተስፋ ቆረጥሽ። ጎኗን ግን አላየሽም። ጂ5 ላይ ወታደሬ ነበር፣ የሲ1 ጳጳስሽም መንገዱ ክፍት ነበር። ጳጳሱ ወታደሩን ቢበላ ንግሥቴ አብራ ትሄድ ነበር። የሚያስፈራሽን ራሱን መብላት ካልቻልሽ አጠገቡ ያለውን ብዪ። ወታደር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ራሱ ካልበላ ወይም ካልተበላ በጎረቤት ፍንዳታ አይሞትም። ንጉሥሽ አጠገብ ያለ ወታደር ግን ጋሻ ነው ብለሽ አትመኚ፤ እሱ ከተበላ ንጉሥሽም አብሮ ይፈነዳል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ የሱን ንጉሥ አሁኑኑ ማፈንዳት እችላለሁ ወይ? ቼክ ላይ ብትሆኚም ከቻልሽ ጨዋታው ያንቺ ነው። ስትደነግጪ መጀመሪያ የምትረሺው ይህን ነው። አውቅሻለሁ፣ በልጅነትሽም ስትደነግጪ ዓይንሽን ትጨፍኚ ነበር። አዲስ አበባ ብቻሽን ስለሆንሽ ነው መሰለኝ ይህ ነገር የሚያሳስበኝ።

ቡናውን ሰው በሚመጣ ቀን እልክልሻለሁ፤ ቆልቼዋለሁ። ቼዙን አላነሳሁትም። ንጉሥሽን ኢ4 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ጥቁሩ ደግሞ ወደ ጂ6 ሸሽቷል። ተራው ያንቺ ነው። የት እንደምትከተይው ዛሬ ማታ ጻፊልኝ።

እናትሽ
ከጅማ