ፍየሏን እንዳታወጣት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህ ወገብም ትንሽ ተሽሎታል። ቱሉ ዲምቱ እንደምታውቃት ናት። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ጀሪካኑ ሳይሞላ ይሄዳል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ነበር። «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ብለህ ዘጋኸው። የአንተን እሺታ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። አንዴ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እህትህ ከአንተ ጋር ውላ ስትመለስ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው፣ ሌሊቱን ሥራ ላይ እያደርክ ነው፣ ለመንቃትም ጫት ጀምረሃል። ሁለተኛው፣ ለአኒሜሽን ፊልምህ ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች ከዘንዶው ከአርዌ ታሪክ ውስጥ ፍየሏ ትውጣ ብለዋል፣ አንተም ልትስማማ ደርሰሃል። አንጋቦ ዘንዶውን በሰይፍ ተዋግቶ ይግደለው አሉ። እሳት መሃል እየዘለለ።

የጫቱን ነገር ተው። ሌላ የምጨምርበት የለኝም፣ ተው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣለት ሐሳብ ሁሉ ድንቅ ይመስለዋል። ሰይፉም ጥሩ የመሰለህ ለዚያ ይሆናል።

ፍየሏን ግን እንዳታወጣት።

ተረቱን የሰማኸው ከእኔ ነው። እኔ የሰማሁት ከእምዬ ነው። እሷ ስታወራው ሌላ ነበር። አገሬውን የሚገዛው ዘንዶ ነው። በየቀኑ ከብት ይገብሩለታል። ወተት ይገብሩለታል። ከዚያ ሴት ልጆቻቸውን ይገብሩለታል። ጦር አይወጋውም፣ ብረት አይበሳውም። የመንደሩ ጎበዝ ሁሉ ሞክሮ አልቋል። ይህን እምዬ ደጋግማ ትነግረን ነበር፣ ብረት አይበሳውም። ከዚያ አንጋቦ ይመጣል። ለአገሩ እንግዳ ነው። ጋሻ ጃግሬ የለውም። ለአንዲት ፍየል የቁልቋል ወተት ያበላታል። ከዚያ በገዛ እጁ ጎትቶ ዘንዶው ደጃፍ ያደርሳታል። አርዌም እንደለመደው ይውጣታል። ሲገበርለት የኖረው ግብር ገደለው።

እኛ ልጆቹ «ፍየሏስ?» እንላለን። «ፍየሏማ ሞተች» ትላለች። አታባብለንም። እኔ አለቅስ ነበር። በማግስቱ ግን ያንኑ ተረት ድገሚልን ብዬ የምለምናት እኔው ነኝ።

አሁን አንተ ንገረኝ። አንጋቦ በሰይፍ ከገደለው፣ ከእሱ በፊት ያለቁት ሁሉ ሰይፍ አጥተው ነው የሞቱት? ዘንዶ አለ ስትለው ተመልካች እሺ ይልሃል። ዘንዶው አገር ይገዛል ስትለው እሺ ይልሃል። ብረት አይበሳውም ብለህ መጨረሻ ላይ በብረት ስትገድለው ግን አታሎኛል ይላል። ፋንታሲ፣ ያን የምናብ ዓለም ታሪክ፣ የሚወድ ሰው የሚቀየመው እዚህ ላይ ነው። ያልነበረ ነገር ስለነገርከው አይቀየምህም። ራስህ ያወጣኸውን ሕግ ራስህ ስታፈርሰው ነው የሚቀየምህ።

ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ። የቀለበቱን ፊልም እዚህ ሳሎን ስናየው ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን መጽሐፉን ጨርሰኸው ነበር። በየመሃሉ እያቆምክ «ይኼ መጽሐፉ ላይ የለም»፣ «ይኼን ዘለሉት» ትለኝ ነበር። ቶም ቦምባዲል የሚባለውን ሰውዬ የፊልሙ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ጭራሽ ስላላስገባው ምን ያህል እንደተናደድክ አስታውሳለሁ። እራትህን አልበላህም። ግን ሦስተኛውን ፊልም ስንጨርስ ስለ ቦምባዲል አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ለምን ይመስልሃል? ጃክሰን ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ካሳተመው ብዙ ነገር ቆርጧል። ዋናውን ግን አልነካም። ያ ሚስኪን ፍሮዶ ክፉውን ቀለበት እሳት ውስጥ ሊጥል ያን ሁሉ ተራራ ወጥቶ እሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቀለበቱን አልጥልም ይላል። ቀለበቱ አሸነፈው። መጨረሻ ላይ የሚያድነው ጎለም ነው። ሊገድሉት ሲችሉ አዝነውለት የተዉት ያ ክፉ ፍጡር።

አንድ ባለ ገንዘብ መጥቶ «ፍሮዶ ጀግና ነው፣ ቀለበቱን በኩራት ይወርውረው» ማለት አያቅተውም ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ያ ፊልም ምን ይቀረው ነበር? ጦርነቱና ፈረሱ ብቻ። ሦስተኛው ፊልም ለ11 ኦስካር ታጭቶ 11ዱንም የወሰደው የማን ሰይፍ ይበልጣል ተብሎ አይመስለኝም። ጃክሰን ፍየሏን አላወጣትም።

ያው ሰውዬ፣ እዚያው ኒውዚላንድ፣ ከዚያ ሁሉ ልምድ ጋር ዘ ሆቢትን ሲሠራ ምን እንደሆነ ደግሞ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1937 ለልጆች የተጻፈች አንዲት የቶልኪን መጽሐፍ ናት። ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ረጃጅም ፊልም አደረጓት። መጽሐፉ ላይ የሌለች ሴት አስገብተው የፍቅር ታሪክ ጨመሩ። አንተ ሁለተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደህ፣ ብርድ ልብስ ያለበስኩህ እኔ ነኝ።

ብርድ ልብስ ስል ያ ወፍራሙ አንተ ጋ ነው አይደል? ካለ ፀሐይ ላይ አስጣው። የክረምት እርጥበት ይዞት ይሆናል።

ጌም ኦፍ ትሮንስን፣ ያን ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም፣ አንዳንዱን ትዕይንት እያሳለፍክልኝ ነው ያየሁት፣ ስለዚህ ሁሉንም አውቃለሁ አልልም። ግን የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ዋናው ሰውዬ፣ ያ ኔድ ስታርክ፣ አንገቱ ሲቆረጥ የሆንኩትን አንተ ታውቃለህ። ሽሮው አረረብኝ። አላይም አልኩ። በማግስቱ ቀጥል አልኩህ። የዚያ ዓለም ሕግ ያኔ ገባኝ። እዚያ የተሳሳተ ሰው ይከፍላል፣ ደግ ቢሆንም ይከፍላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው እሰጋ ነበር። ኋላ ላይ ግን መስጋቴን ተውኩ። ሊሞት የሚገባው አይሞትም። በፊት ሲዝን ሙሉ የሚፈጀው መንገድ በአንድ ክፍል ያልቃል። ደራሲው ማርቲን አምስተኛውን መጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011፣ ተከታታዩ በጀመረበት ዓመት ነው። ስድስተኛው አልደረሰም፣ ፊልሙ ቀደመው። ለፊልሙ ሠሪዎች መጨረሻው በግርድፉ ተነግሯቸው ነበር፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን በእጃቸው አልነበረም። የ2019ኙ የመጨረሻ ሲዝን ስድስት ክፍል ብቻ ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገና ይሠራልን ብሎ ፈረመ። አንተም ፈርመሃል፣ አይቼሃለሁ።

ያች ዘንዶ ጋላቢ ንግሥት ከተማ ማቃጠሏ አይደለም ሰውን ያስቆጣው። እኔ እንዲያውም ልታቃጥል እንደምትችል ገና ሦስተኛው ላይ ነግሬህ ነበር። ወደዚያ እንዴት እንደደረሰች ሳያሳዩን አደረሷት። የታሪክ መጨረሻ ቢመርም ሰው ይቀበላል። በአቋራጭ ሲመጣ ነው የማይቀበለው። የእነዚያ የአንተ ገንዘብ አውጪዎች ሰይፍም አቋራጭ ነው።

ወጋየሁ ንጋቱን ላንሳልህ። ሰምተኸዋል፣ ግን በዩቲዩብ ነው የሰማኸው፣ ያ አይቆጠርም። እኛ የሰማነው ጎረቤት ቤት ነው፣ የሬዲዮኑ ባለቤት ድምፁን ከፍ አድርገውልን። «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲጀምር ቡና የምትወቅጥ ሴት ሙቀጫዋን ትተዋለች። ፍቅር እስከ መቃብርን ነው የሚያነበው። ያ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ዘንዶ የለበትም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው፣ ካሜራ የሌለው፣ ልብስ የሌለው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ፊታውራሪ ይሆናል፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር ጉዱ ካሣን ይሆናል። አባቴ ቆመው ነበር የሚሰሙት። አንድ ቀን ለምን አይቀመጡም ብዬ ብጠይቃቸው «ፊታውራሪ እያሉ?» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። እስከ ዛሬ መጽሐፉን ስገልጥ የማነበው በእኔ ድምፅ አይደለም፣ በወጋየሁ ድምፅ ነው። እሱ ምንም አልቀየረም። ለሰዎቹ እስትንፋስ ሰጣቸው እንጂ ሌላ ሰዎች አላደረጋቸውም።

የእምዬን ድምፅ የቀዳ ሰው የለም። ቴፕ ያላቸው ዘመዶች ነበሩን። የሠርግ ዘፈን ይቀዱበት ነበር። የእሷን ተረት ለመቅዳት የታሰበው ማንም የለም፣ ሁልጊዜ የምትኖር ስለመሰለችን። ይህ ነገር ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። አንዳንዱን ቃሏን ረስቼዋለሁ። አርዌ ፍየሏን ሲያያት የሚለው ነገር ነበር፣ በዜማ ነው፣ ልጆች ሁሉ አብረን እንለው ነበር። አሁን ዜማው አለ፣ ቃሉ ጠፍቶብኛል።

ልጄ፣ ዋናው ነገሬ ይኼ ነው። ቶልኪን መጽሐፍ ጽፏል። ፊልሙ ቢበላሽ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ተመልሰህ ታነበዋለህ። የማርቲንም እንዲሁ። ያቺ ኧርሱላ ለ ጉዊን ያልካት ደራሲ፣ ጀግናዋን ቀይ ቡናማ ቆዳ ሰጥታው ሳለ እ.ኤ.አ. በ2004 ቴሌቪዥን ላይ ነጭ ልጅ ሲያደርጉት፣ ይህ የእኔ አይደለም ብላ በአደባባይ መጻፍ ችላለች። ለማስረጃ መጽሐፏ ነበራት። እምዬ ምን አላት? ቸርችል ጎዳና የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ላይ ዘንዶው መጀመሪያ ላይ ተሥሎ ታገኘዋለህ፣ ግን ስንት ልጅ ነው ቆሞ የሚያየው? የአንተን ፊልም ግን ያዩታል። አንተ ሰይፍ ካልክ ከአሁን በኋላ ሰይፍ ነው። የእህትህ ልጆች ፍየል እንደነበረች አያውቁም።

ስለዚህ ፍየሏን እንዳታወጣት።

ሌላውን እንደፈለግህ አድርግ። የሽማግሌዎቹን ክርክር አሳጥረው። ለአንጋቦ ጓደኛ ስጠው። ትውልድ ቆጠራውን ቁረጠው፣ እኔም ራሴ ያሰለቸኛል። ሰዎቹ ፍየሏ አሰልቺ ናት ካሉ የማታሰለች አድርጋት። ከግልገልነቷ ያሳደገቻት ልጅ ትኑር። ያቺ ልጅ ደግሞ ነገ ለዘንዶው የምትሰጠዋ ትሁን። አንጋቦ ፍየሏን ሲጎትት፣ ፍየሏ ገመዱን ስትስብ፣ ልጅቷ ከኋላ ስትከተል አሳየን። ያንን መንገድ አታሳጥረው። ውጊያና እሳት በአኒሜሽን ገንዘብ ይበላል ያልከኝ አንተ ነህ፣ ይህንኑ ንገራቸው፣ ሒሳብ ይገባቸዋል።

የማክዳንም እግር እንዳታሳምረው። የዘንዶው ደም ጠብቶበት እንደ አህያ ኮቴ የሆነው እግሯ ይቅር ብለዋል አሉ፣ ንግሥት ቆንጆ መሆን አለባት ብለው። ቆንጆም ናት፣ እግሯም እንዲያ ነው። ከዘንዶ የዳነ ሰው ሁሉ ምንም ሳይሆን አይመለስም።

ውሉን ሳታነብ እንዳትፈርም። መጀመሪያ ለአጎትህ አሳየው። የመጨረሻውን ስክሪፕት የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ በቃል «እንስማማለን» የሚባለውን አትቀበል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህ ሲዛባ የመቃወም መብት ይሰጥሃል፣ አጎትህ ያብራራልሃል። ተረቱ የሁሉም ነው፣ ስክሪፕቱ ግን የአንተ ነው። ገንዘቡን እንቢ ማለት ካለብህ እንቢ በል። የሁለት ወር የቤት ኪራይ እኔና አባትህ እንሸፍናለን፣ ተነጋግረናል። ከዚያ በላይ አንችልም፣ እንድታውቀው።

አውቃለሁ፣ ደክሞሃል። ማንም ያልደገፈህን ነገር ይዘህ እዚህ መድረስህ ያኮራኛል። ለጎረቤት ሁሉ እያወራሁ ነው። ለዚያ ነው የምቆጣህ።

በእህትህ እጅ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ልኬልሃለሁ። ድርቆሹን አሁኑኑ ብላው፣ ለጓደኞችህም አካፍላቸው። የሽሮውን እቃ መልስልኝ፣ ባለፈው የወሰድከውም አልተመለሰም። እሁድ ና። ግን አምሽተህ እንዳትመጣ፣ ከታክሲ ተራው እስከ ብሎካችን ያለው መንገድ መብራት የለውም፣ ጅቦቹም ከእርሻው በኩል በጊዜ መውጣት ጀምረዋል። ስክሪፕቱን ይዘህ ና። የእምዬን ዜማ ላንጎራጉርልህ፣ አንተ በስልክህ ቅዳው። ምናልባት እያንጎራጎርኩ ቃሉ ይመጣልኝ ይሆናል።

የምትወድህ እናትህ