ለዳንቴል አንድ የመስታወት ሣጥን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከተማው ሙዚየም የእጅ ዳንቴል እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፦

የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልናገረው። መስቀል አደባባይ ዳር ባለው የአዲስ አበባ ሙዚየም ውስጥ አንድ የመስታወት ሣጥን፣ ቢበዛ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ለእጅ ዳንቴል እንዲሰጥ ነው። ሣጥኑን የሚሞላውን ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በየቤቱ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በየአልጋው ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የእኛም ቤት አለ።

እናቴ ዳንቴል ሠሪ ነበረች። «ነበረች» ያልኩት ሞታ አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፤ እምቢ ያላት ዓይኗ ነው። ከቀበሌ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም ስንገባ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ሻንጣ ነበራት። ወንድሞቼ «ይኼን ደግሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይሸከመዋል» ብለው ሊተዉት ሲሉ ሄዳ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ሳይወድዱ ተሸከሙት። ስንከፍተው የሶፋ ራስጌና የሶፋ ክንድ፣ የኮመዲኖ፣ የቡፌ፣ የሬዲዮ፣ የስልክ፣ የመሶብ ልብስ ሁሉ አለ። ለቴሌቪዥን የተሠራው ከላይ ነበር፤ ያ ከፊት በኩል ሦስት ማዕዘን ሆኖ ወረድ የሚለው፣ ዜና አንባቢው ግንባር ላይ የሚያርፈው። እናቴ አነሣችውና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀጭን ቴሌቪዥን አየችው። ጠጋ ብላ የላይኛውን ጠርዝ በጣቷ ለካችና «ይኼስ ትከሻ የለውም» አለች። መልሳ አጣጠፈችው።

ዳንቴል ከቤታችን የወጣው እንዲህ ነው። ማንም አልከለከለውም፤ የሚያርፍበት ዕቃ ጠፋበት እንጂ። ስልኩ ኪስ ገባ፣ ሬዲዮው ስልኩ ውስጥ ገባ፣ ቴሌቪዥኑ ቀጠነ፣ ሶፋው መጅሊስ ሆነ። ለጠረጴዛ ካስፈለገም መርካቶ በሜትር የሚሸጥ ፕላስቲክ ዳንቴል አለ፤ ወጥ ቢፈስበት በስፖንጅ ይጠረጋል። እኔም ቤት አለ፤ አልዋሽም።

ከእናንተ መካከል ሲሠራ ያላየ ወጣት ባለሙያ ይኖር ይሆናልና ትንሽ ልናገር። ሸማኔ ድርና ማግ ይፈልጋል፣ መወርወሪያ ይፈልጋል፣ ተቀምጦ የሚሠራበት ጉድጓድ ይፈልጋል። ዳንቴል ሠሪ የምትፈልገው አንድ ድቡልቡል ክርና ጫፏ እንደ መንጠቆ የቆለመመች ትንሽ ብረት፣ ኪሮሽ፣ ብቻ ነው። ጎረቤት ቡና ስትጠራ በፌስታል ይዛው ትሄዳለች። ክሩን ግራ እጇ ሌባ ጣት ላይ ታዞርና ሰንሰለት ትጀምራለች፤ ሰንሰለቱን ገጥማ ክብ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ዙር በዙር እያሰፋች ትሄዳለች። አበባውን የሚያወጣው የምትሞላው ብቻ አይደለም፣ ክፍት የምትተወውም ቦታ ነው። ቁጥር ከጎደለ ጠርዙ እንደ ሳህን ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ከበዛ እንደ ጎመን ቅጠል ይተጣጠፋል። ክፋቱ፣ ይህ የሚታወቀው ከሦስት ከአራት ዙር በኋላ ነው። ያኔ መተርተር ነው። እናቴ ስትተረትር አትናገርም ነበር፤ እኛም አናናግራትም ነበር።

ለዚህ ደብዳቤ ብዬ አንዱን የኮመዲኖ ዳንቴል መስኮት ሥር ዘርግቼ ቆጠርኩት። ከመሐል እስከ ጠርዝ 31 ዙር አለው። የመጨረሻው ዙር ላይ ያሉትን ዓይኖች ልቆጥር ጀምሬ 400 ላይ ስደርስ ጠፋብኝና ተውኩት። ይህን የሠራች ሴት የተማረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሞዴሉን ግን በጭንቅላቷ ይዛ ነው የሠራችው። ሞዴሉ «አናናስ» ይባላል። እናቴ አናናስ የቀመሰችው እኔ ሥራ ይዤ ገዝቼላት ነው፤ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ሙሉ ስትሠራው ኖራለች።

ሞዴል ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በናሙና ነበር። አንዷ የሠራችውን ታውሳለች፣ ሌላዋ ወስዳ ዙሩን እየቆጠረች ታወጣዋለች፣ ትመልሳለች። የማታውስም አለች። እንዲህ ያለችዋ ቤት ቡና ስንጠራ እናቴ ወሬ አይገባትም፤ «እ፣ እ» እያለች ሶፋው ላይ ያለውን ትቆጥራለች። ማታ ኩራዝ ቢሆን በኩራዝ፣ መብራት ካለ በመብራት፣ ሳትረሳው ትጀምረዋለች። (ይህን መጻፌን አላወቀችም።) ከሽያጩ ደግሞ ዕቁብ ትጥል ነበር። የእኛ የልጆቿ ዩኒፎርምና ደብተር የተገዛው ከአንድ ሙሉ የሶፋ ልብስ ላይ ነው፤ ገዢዋ ልጇን የምትድር ሴት ነበረች።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ባለፈው ዓመት ሦስቱን መርጬ፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰድኳቸው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ያነጋገሩኝ ሰውም ወንበር ስበው፣ በክብር ነው ያስተናገዱኝ። ገልጠው አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ «እህቴ፣ ሥራው በጣም ያምራል። ግን ይኼ ባህላዊ አይደለም፤ የፈረንጅ ነው» አሉኝ። ነጠላዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው፤ እንደ ልማዴ ዘግይቶ።

እውነት ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው። ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጥርስ» ከሚለው ቃላቸው አውጥተው «ትንንሽ ጥርስ» እንደማለት ነው የሰየሙት። ጠርዙን በቅርብ ያየ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ወደ እኛም በሚሲዮንና በሴቶች ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ በኩል ገባ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሴቶች እጅ ደረሰ። ግን ከውጭ መምጣት ካስወጣ ቡናችንን በምን እንጠጣ? ሲኒ ማለት እኮ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። በርበሬስ? ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ዛሬ ዶሮ ወጥን የፈረንጅ ነው የሚል ደፋር የለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን ሲተረጉም ግዙፍነት ያለውንም የሌለውንም ይዞ፣ የሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤት የሆነውን፣ በእደ ጥበብ ይዘቱም ዋጋ ያለውን ይጨምራል። እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

የፈረንጅ ነው ከተባለ አይቀር ፈረንጆቹ ምን እንዳደረጉ ላንሣ። ቬኒስ አጠገብ ቡራኖ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ደሴት አለች። ሴቶቿ በዳንቴል ሥራ በመላው አውሮፓ የታወቁ ነበሩ፤ የቬኒስ መንግሥት ሲወድቅ ገበያው አብሮ ወደቀ፣ ሥራውም እየተረሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1872 ክረምቱ እጅግ ከብዶ ዓሣ ማጥመድ ሲያቅትና ደሴቷ ስትራብ፣ ሴቶቹ የሚተዳደሩበት ሥራ ይኑር ተባለና ዳንቴል ታሰበ። የድሮውን አሠራር የሚያውቅ ሲፈለግ የተገኘችው ቼንቻ ስካርፓሪዮላ የምትባል አንዲት አሮጊት ናት። እሷ ደግሞ ማስተማር አልሆነላትም፤ እጇ ያውቃል እንጂ በቃል አታስረዳም። ስለዚህ የደሴቷ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት አና ቤሎሪዮ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እጇን እያየች ተማረች፤ ከዚያ ለሌሎች አስተማረች። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ድረስ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1981 ያው ሕንፃ የዳንቴል ሙዚየም ሆነ። ዛሬም ነው።

የቡራኖው በስፌት መርፌ የሚሠራ ነው፣ የእኛው በኪሮሽ፤ ለባለሙያ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ «ኪሮሽ ዳንቴል አይባልም» የሚሉም አሉ። ይበሉ። እኔን የያዘኝ «አንዲት አሮጊት» የሚለው ነገር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ጉለሌም፣ ቂርቆስም፣ አቃቂም ፈልጋችሁ አታጡም። ግን ዓይናቸው እየሄደ ነው። ዩኔስኮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 የክሮኤሺያን፣ በ2010 የፈረንሳይዋን የአላንሶንን የዳንቴል ሙያ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ዕውቀቱን ነው፤ ጨርቁ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ስለ አቀማመጡ ጥቂት ልጨምር፤ ይህን የምለው ብዙ ዳንቴል ሲበላሽ አይቼ ነው። እኛ ዳንቴል እንዲቆምልን በስኳር ውሃ ነክረን፣ ሳህን ላይ ዘርግተን፣ ፀሐይ ላይ እናደርቀው ነበር። ለበዓል ያምራል፤ ለዓመታት ግን ጉንዳንና ተባይ መጥሪያ ነው፣ ክሩንም ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ከእኛ የምትቀበሉትን ሁሉ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ ስኳሩን አውጡለት። በብረት ስፒል ግድግዳ ላይ አትቸንክሩት፤ ዝገቱ አይለቅም። ተጣጥፎ ሲቀመጥ በእጥፋቱ ይበጠሳልና ትልልቁ በካርቶን ዘንግ ላይ ቢጠቀለል ይሻላል። የጨርቅ ቅርስ የሚያሳዩ ሙዚየሞች መብራታቸውን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ላይ ይይዛሉ፤ ደብዛዛ ማለት ነው፤ መስኮት አጠገብ ከሆነማ ባይታይ ይሻላል። ሥሩ ደግሞ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ይሁን። የእናቴ ዳንቴል ያምር የነበረው ቡፌያችን ጥቁር ቡናማ ስለነበር ነው፤ ነጭ ጠረጴዛ ላይ ሥራው አይታይም።

ከአንዱ የእጅ ዳንቴል አጠገብ አንድ የመርካቶ ፕላስቲክ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። የፕላስቲኩ አበባ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የእጁ ላይ ተጠግታችሁ ስታዩ አንድ ቦታ ክር ተቀጥሎ የተቋጠረበት አለ፤ አንድ ቅጠል ከሌላው ትንሽ ሰፋ ይላል። ምናልባት እዚያ ላይ ልጅ አልቅሶ ነው።

ከሁሉም አጥብቄ የምለምናችሁ ግን የጽሑፉን ነገር ነው። በየሙዚየሙ ያየኋቸው ካባዎችና ቀሚሶች ሥር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የለበሰው ሰው ስም ነው፤ የሸመነውና የጠለፈው ሰው ስም የለም። የለበሰው ንጉሥ ነው፣ ይገባል። ዳንቴል ግን ንጉሥ አልለበሰውም፤ ከሠሪዋ በቀር ስሙ የሚጻፍለት የለውም። እባካችሁ የሠሪዋን ሙሉ ስም ከነአባቷ፣ ሠፈሯን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሠራችው፣ ለምን እንደሠራችው ጻፉ። «ለልጇ ሠርግ»፣ «ለመሸጥ»፣ «ለአዲስ ቴሌቪዥን»። ሰዎቹ በሕይወት ስላሉ ጠይቆ መጻፍ ይቻላል። «የእጅ ሥራ፣ አዲስ አበባ፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ የሚለጠፍ ከሆነ የእናቴን አልሰጥም፤ ሻንጣው ውስጥ ይሻለዋል።

ቢቻል ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት እናት ክርና ኪሮሽ ይዛ ከሣጥኑ አጠገብ ትቀመጥ። የታክሲዋን ክፈሏት፣ ለውለታዋም የሚገባትን ጨምሩላት፤ በነፃ አታስቀምጧት። ትምህርት ቤቶች ለጉብኝት ሲመጡ ልጆቹ እጇን ይዩ። ማስረዳት ላይሆንላት ይችላል፤ ማየቱ ይበቃል።

እኛ ጋ ያሉት ታጥበዋል፤ ስኳራቸው ወጥቶ በአቡጀዴ ተጠቅልለዋል፤ በቁጥር 14 ናቸው። የቴሌቪዥኑን ጨምሮ የእያንዳንዱን ታሪክ እናቴ እየነገረችኝ በደብተር ጽፌዋለሁ፤ ሁለቱን በማን ሠርግ ሰሞን እንደሠራቻቸው ገና እየተከራከርን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ቤት ነን። የምትልኩት ሰው ጉልበቱ ደህና የሆነ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዳንቴል ሠሪዋ ልጅ
ከአዲስ አበባ