የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ማታ ማታ የሚፈዘው አምፑል

የሳይንስ ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው በሁለት ባትሪ ድንጋዮች፣ በጥቂት አምፑሎችና በቁርጥራጭ ሽቦዎች ነበር። ክር ያላቸው ትንንሽ አምፑሎች ዛሬ እንደ ልብ ስለማይገኙ አባላቱ ከየቤታቸው አሮጌ የእጅ ባትሪ እየፈቱ አመጡ። ሙከራዎቹን ሁሉ ያካሄድነው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የግድግዳ ሶኬት ማንም እንዳይነካ ከመጀመሪያው ቀን አጥብቄ አስጠንቅቄያለሁ።

በጥቅምት ወር ሁለት ተመሳሳይ አምፑሎችን በተከታታይ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው ቀጥሎ በአንድ መስመር ስናገናኝ፣ አብዛኞቹ አባላት ለባትሪው የቀረበው አምፑል ይበልጥ እንደሚደምቅና ሁለተኛው የተረፈውን እንደሚያገኝ ገምተው ነበር፤ ሁለቱም ግን ፈዘዝ ብለው እኩል በሩ። የኤሌክትሪክ ፍሰትን መጠን የሚያሳየውን አምፔር መለኪያ ከአምፑሎቹ በፊት፣ በመካከላቸውና ከኋላቸው እያስገቡ ሲያነቡ ቁጥሩ አልተለወጠም። አምፑል ጉልበትን እንጂ ፍሰቱን እንደማይበላ፣ የሁለቱ ባትሪ ድንጋዮች 3 ቮልትም ለሁለቱ አምፑሎች 1.5 እየሆነ እንደተካፈለ የተረዱት ያን ዕለት ነው። በትይዩ፣ ማለትም እያንዳንዱ በየራሱ ቅርንጫፍ ከባትሪው ጋር ሲያያዙ፣ እያንዳንዱ ሙሉውን 3 ቮልት ስለሚያገኝ አንዱ ቢፈታም ሌላው መብራቱን ይቀጥላል፤ ይህን መማሪያ መጽሐፉም ስለሚያስረዳ ብዙ አልቆየንበትም።

ብዙ ሳምንታት የወሰደብን አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ በታኅሣሥ ያነሣችው ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ የቤት መብራት ሁሉ በትይዩ ከሆነ፣ ጎረቤት እንጀራ ሲጋገር የእኛ አምፑል ለምን ይፈዛል?» አለችኝ። በቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፣ ከትራንስፎርመር ርቆ ለሚኖር ልጅ ይህ የየምሽቱ ነገር ነው፤ በመምህርነቴ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ደስ ያሰኘኝም እርሱ ነው።

መልሱን ፍለጋ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ፍሰትን በቀላሉ የማያሳልፈውን ጥቅል ሽቦ ቆርጠን፣ ረጅሙን የመንገድ መስመር እንዲወክልልን በአዳዲስ ባትሪዎችና በትይዩ በተያያዙት አምፑሎች መካከል አስገባን። አንድ አምፑል ብቻውን ደህና በራ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩ ግን ሁሉም እየፈዘዙ ሄዱ። ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ትይዩ ቢሆኑም፣ የሚጋሩት መስመር ግን ከሁሉም ጋር በተከታታይ የተያያዘ ነው፤ ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር በመስመሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ስለሚበዛ ለቤቶቹ የሚደርሰው ያንሳል። አባላቱ ሒሳቡን ሲሠሩ፣ ባለ 60 ዋት አምፑል በ220 ቮልት 0.27 አምፔር ያህል ሲፈልግ፣ 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ወደ 16 አምፔር እንደሚፈልግ፣ ይኸውም የ58 አምፑሎችን ያህል መሆኑን አገኙ።

በግንቦት በተከበረው የወላጆች ቀን ሙከራውን ያሳየችው ጠያቂዋ ራሷ ናት። አንዲት እናት «ታዲያ የኔ ልጅ፣ ሽቦው ወፍራም ቢሆን ይቀር ነበር ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ የምድጃውን ሽቦ ነቅላ በምትኩ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስገባችና ሦስቱም አምፑሎች ወዲያው ደመቁ።