ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነልዎ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ታናሼ ባለ 250 ሲሲ ሞተር መግዛቱን ከነገሩኝ ወዲህ ሐሳቤ እሱው ላይ ነው። በስልክ ተጣድፎ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልዎ። እኔን ባይሰማ እርስዎን ይሰማል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ለጊዜው ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ። ጠዋት ከእጅዎ ይውሰድ፣ ማታ ለእጅዎ ይመልስ። የሐረጎን ቁልቁለት ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድበትን ቀንም እርስዎ ይወስኑለት። ምኑን አይተው እንደሚወስኑ ልንገርዎ።

እስካሁን የነዳት ባለ 100 ሲሲ 8 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበራት። አዲሱ ወደ 25 ይጠጋል፣ ክብደቱም 150 ኪሎ አካባቢ ነው። ትንሿ ስህተትን ትችል ነበር፤ ነዳጅ ቢበዛባት ትጮሃለች እንጂ አትወረወርም። ይሄኛው በአንደኛ ማርሽ ይወረወራል። ያን ጊዜ የነጂው ገላ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ላለመውደቅ መሪውን ጨምድዶ ሲይዝ ቀኝ እጁ ነዳጁን ጭራሽ ይስበዋል። በደነገጠ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናል። ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ ወይም ቦይ ውስጥ የሚገባው በዚህ ነው።

መዳኛው ግራ እጅ ላይ ነው፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው መጭመቅ። ኤንጂኑ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ያኔ ጎማው ጉልበት አያገኝም። ለመነሳት ሲዘጋጅ አጠገቡ ቆመው የቀኝ እጁን አንጓ ይዩለት። አንጓው ከጣቶቹ መገጣጠሚያ ከፍ ብሎ ከያዘ ገና ብዙ የሚጠመዝዝበት ቦታ አለው ማለት ነውና ያስተካክሉት። ዝቅ ብሎ ከጀመረ ቢደነግጥም ብዙ አይስብም። ክርኑን ማጠፍ፣ ነዳጅ ታንኩንም በጉልበቱ ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ሰውነቱን ጉልበቱ ከያዘለት እጁ ለመሪው ብቻ ይተርፋል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ኤንጂኑ ቆላ ከሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድለዋል። ፒያሳ ላይ ለምዶት «ቻልኩት» ያለው ሞተር ወደ ባቲና ሚሌ ሲወርድ ጉልበት ይጨምርበታል።

አሁን ወደ ፍሬን ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። ሰው ሁሉ የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብሎ ይፈራና በኋላው ብቻ ይነዳል። ነገር ግን ሞተር ሲቆም አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ፣ ከማቆሚያው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከፊት ነው። የሚጥለው ፍሬኑ ሳይሆን አያያዙ ነው። በድንገት ከተያዘ ክብደቱ ፊት ሳይደርስ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ጠንከር እያደረገ ይያዝ። ይሄ ሞተር ኤቢኤስ የሚሉት፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው መሣሪያ ስለሌለው፣ የፊቱ ጎማ ከተቆለፈ ወዲያው ለቅቆ እንደገና በዝግታ ይያዘው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑንም ይንገሩልኝ። በደረቅ ሜዳማ አስፋልት ደህና አድርጎ ከያዘ፣ በ30 የሚሄድ 6 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፤ በ60 የሚሄደው ግን 24 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ዓይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ባለችው አንድ ሴኮንድ ብቻ ደግሞ 17 ሜትር ሄዷል። ቁልቁለትና ዝናብ ሲጨመርበት ከዚህም ይረዝማል።

ፈተናው እንዲህ ይሁን። በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ጠፍጣፋ አስፋልት ዳር ሁለት ድንጋይ በ12 ሜትር ልዩነት ያስቀምጡ፤ በእርምጃ ከ15 እስከ 16 ይሆናል። በ20 ይጀምር፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40። የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ ፍሬን ይይዛል፣ ሁለተኛውን ሳያልፍ፣ ሳይወላገድ ይቆማል። በ40 አሥር ጊዜ አከታትሎ ካልቻለ ሐረጎ ለእሱ ገና ነው።

ሐረጎን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። የእርስዎ ዘመን ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የምትሉት ለሞተርም ይሠራል፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ኤንጂኑ ራሱ ይያዘው። ቤንዚን ለመቆጠብ በፍሪ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ መልቀቅ ግን ክልክል ይሁንበት። በፍሪ ሲወርድ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ዲስኩ ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይትም ይፈላል። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፤ ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። አንዴ ከፈላ የፍሬኑ እጀታ ስፖንጅ ይሆናል፤ እስከ መሪው ድረስ ቢጨመቅም አይይዝም። ቁልቁለት ላይ እጀታው ላላ ካለበት ዳር ይዞ ይቁም፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ።

ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ከመግባቱ በፊት ቀንሶ ይጨርስ። ውስጥ ገብቶ ፍሬን የያዘ ሞተር ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ዓይኑን የኩርባው መውጫ ላይ ያድርግ፤ ገደሉን ካየ ወደ ገደሉ፣ የሚመጣውን አይሱዙ ካየ ወደ አይሱዙው ይሳባል። ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ጎማው በራሱ መስመር ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ ስላጋደለ ጭንቅላቱ የሌላው መስመር ውስጥ ይገባል። እዚያ ቀኙን ይያዝ። ተሳቢ ያለው መኪና ሲወጣ ካየ ደግሞ ከኩርባው በፊት ይጠብቀው፤ የፊቱ ሰፍቶ ይዞራል፣ ተሳቢው ግን ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ በመሃሉ ለሞተር የሚተርፍ ቦታ የለም።

በሐምሌና ነሐሴ ጉም ውስጥ እንዲወርድ አይፍቀዱለት። ጉም መንገድ ላይ ከያዘው አጭሩን መብራት ያብራ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ነጥሮ ዓይኑን ነው የሚያጠፋው። ዝናብ ሲጀምርም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉም ይከፋሉ፤ የደረቀው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። የከተማው ኮብልስቶን ሲረጥብም እንደዚያው ነው።

ሌላውን ባጭሩ። የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ይለካ፤ መጠኑ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፣ ጎሚስታው በግምት አይሙላ። ሰንሰለቱ የሚላላበትን ልክም ከመመሪያው ይይ፤ ከልክ በላይ ከላላ ወልቆ የኋላውን ጎማ ይቆልፋል። ጋቢና ፎጣ አንጠልጥሎ መንዳት ይቅር፤ ጫፉ ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ ሰውየውንም ይዞ ይገባል። እናቴንም እባክዎ ለሁለት ወር ከኋላ አይጫናት። ሰው ሲጫን መቆሚያው ይረዝማል፣ መሪውም ይቀላል፤ እሷ ደግሞ ነጠላዋን መቼም አትጥልም።

ሞተሩ ቢወድቅ እርስዎ እንዳያነሱት፤ ወገብዎን አውቀዋለሁ። እሱ ያንሳው። ቁልፉን ያጥፋ፣ ማርሽ ውስጥ ያስገባ፣ ጀርባውን ለመቀመጫው ሰጥቶ በእግሩ እየገፋ ይነሳ።

ሄልሜቱን ከዚህ እልካለሁ። በትክክል የታሰረ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል፤ የሰፋ ግን በመጀመሪያው ምት ይወልቃል። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሱና፣ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ዙሪያውን ይለኩልኝ። ሁለቴ ይለኩና የበዛውን ቁጥር በስልክ ይንገሩኝ፣ በአውቶቡስ አደርስልዎታለሁ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ